ሁለተኛው ድስት
የበዓል ምግብ ጽሑፎቻችንን ገንዳ ውሃ ላይ ሆኖ ማንበብ

በዓል በደረሰ ቁጥር የሚጻፍ አንድ ጽሑፍ አለ። ብታዩት ታውቁታላችሁ። በፌስቡክ፣ በቴሌግራም፣ በመጽሔት፣ በዩቲዩብ የምግብ ቪዲዮ መግቢያ ላይ ይመጣል። ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ሽንኩርት ከሌሊት ጀምሮ ይቁላላል፣ እናት በሐበሻ ቀሚስ ከጓዳ ሳሎን ትመላለሳለች። ዶሮው 12 ብልት ወጥቶለት ከ12 እንቁላል ጋር ይቀርባል። መጨረሻ ላይ ጸሐፊው ከኮንዶሚኒየሙ ወይም ከዋሽንግተን ዲሲ ሆኖ «እንደ እናቴ ዶሮ ወጥ የሚሆን የለም» ይላል። ከሥሩ ልብ፣ ልብ፣ የሚያለቅስ ኢሞጂ። አለቀ።

ይህን ጽሑፍ አልጠላውም። እንዲያውም ሆድ ሲብሰኝ ፈልጌ የማነበው እሱን ነው። ግን አሥረኛውን ሳነብ አንድ ነገር ይከነክነኛል፦ ሁሉም እናት አንድ ናት። ሁሉም ጓዳ አንድ ነው። ሁሉም ቤት ደጋ ነው፣ ሁሉም ቤት ጤፍ አለው፣ ሁሉም ቤት ጎረቤት የለውም። የሺህ ሰው እናት አንድ ዓይነት ስትሆን ሰውነቷ ይጠፋና ፎርም ትሆናለች፤ ስም ብቻ የሚሞላበት።

እስኪ ፎርሙን ይዘን ወደ ገንዳ ውሃ እንውረድ። ገንዳ ውሃ የምዕራብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ብዙ ሰው ሸኸዲ ይላታል። ከጎንደር ወደ ሱዳን የሚወርደው መንገድ በመካከሏ ያልፋል። ወደፊት ሲቀጥሉ መተማ ዮሐንስ ነው፤ ከዚያ ድልድዩን ሲሻገሩ ጋላባት፣ ሱዳን። ፎርሙ እዚህ ሲደርስ አልገጥም ይላል። የማይገጥምበትን ቦታ አንድ በአንድ ማየት ደግሞ የበዓል ምግብ ጽሑፎቻችን ምን እየዘለሉ እንደሆነ ያሳየናል።

ከሙቀቱ እንጀምር። ፋሲካ ብዙ ጊዜ የሚውልበት ሚያዝያ ለመተማ ቆላ ከዓመቱ በጣም ሞቃት ከሆኑት ወራት አንዱ ነው፤ ሙቀቱ 40 ዲግሪን የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። አሁን የተለመደውን አሠራር አንብቡት፦ «ሽንኩርቱን ያለ ዘይት፣ በዝግታ፣ ለረጅም ሰዓት አቁላሉት።» ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለተቀመጠው አዲስ አበቤ ይህ ዓረፍተ ነገር ሙቀት ነው፣ ቤት ነው፣ ትዝታ ነው። በ40 ዲግሪ፣ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ግን ከባድ የጉልበት ሥራ ነው። ድስቱ በሌሊት የሚጣደው ለወግ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ፀሐይ ሳትበረታ ለመጨረስም ነው። ሥጋውም እንደዚያው። ደጋ ላይ የቅርጫ መደብ ተሰቅሎ ሊሰነብት ይችላል። ቆላ ላይ ቶሎ ካልተበላ ወይ ተዘልዝሎ ቋንጣ ይሆናል ወይ ይበላሻል። ስለዚህ እዚያ «ኑ፣ አብረን እንብላ» ማለት የደግነት ብቻ ሳይሆን የአየር ንብረትም ጉዳይ ነው።

ቀጥሎ እህሉ። ጽሑፎቻችን «እንጀራ» ሲሉ ጤፍ ማለታቸው ነው። የመተማ መሬት የሚታወቀው ግን በሰሊጥ፣ በማሽላና በጥጥ ነው። የማሽላ እንጀራ ትኩሱን ሲበሉት ግሩም ነው፤ ሲያድር ቶሎ ይደርቃል፣ ይሰባበራል። ለበዓል ከደጋ የመጣ ጤፍ የሚገዛ አለ፤ ከማሽላ ጋር ቀላቅሎ የሚጋግር አለ፤ በማሽላው የሚውልም አለ። እነዚህ ሦስት ቤቶች አንድ ዓይነት በዓል አያከብሩም። ፎርሙ ግን ሦስቱንም «እንጀራ» ብሎ ያልፋቸዋል።

ሰሊጡስ? ሰሊጥ ከቡና ጋር ከአገሪቱ ዋና ዋና የወጪ ምርቶች አንዱ ነው፤ መተማ ደግሞ ከሚታወቅባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። እዚያ አካባቢ የበዓሉን ማዕድ የሚወስነው ከቤተ ክርስቲያንና ከጨረቃ ቀጥሎ ሰሊጡ ነው። እንቁጣጣሽ የሚመጣው አጨዳው ሳይደርስ፣ ኪስ ባዶ ሆኖ ነው። ገና ግን ምርቱ ተሽጦ ካበቃ በኋላ ነው። በሰሊጥ ለሚኖር ቤት እንቁጣጣሽ ላይ ዱቤ፣ ገና ላይ ሙክት ማለት ይቻላል። ከደጋው ለአረምና ለአጨዳ የሚወርዱ፣ እዚያ አካባቢ ሳሉግ የሚባሉ የቀን ሠራተኞች ደግሞ አሉ። መስቀልን ሰሊጥ ማሳ ላይ ለሚያሳልፍ ልጅ «የቤተሰብ የበዓል ማዕድ» ማለት ኔትወርክ ሲገኝ የሚደወል ስልክ ነው። ስለ ዶሮ ወጥ በተጻፈው ብዙ ጽሑፍ ውስጥ የዚህ ልጅ በዓል የት አለ?

ፎርሙ ከየት መጣ? ራሱ አልተፈጠረም። የምግብ ታሪክ ጸሐፊው ጄምስ ማካን በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስለ አፍሪካ ምግብ ታሪክ በሚያወሳ መጽሐፉ፣ እቴጌ ጣይቱ በ1887 እ.ኤ.አ. እንጦጦ ላይ ያበሉትን ታላቅ ግብር እንደ ትልቅ ምዕራፍ ያነበዋል። ለማካን ያ ግብር ከሆድ በላይ ነው፦ ምግቡ፣ አቀራረቡ፣ የመቀመጫው ተራ፣ ሁሉም «አገር ማለት ይህ ነው» የሚል መልእክት ነበረው። ጣይቱ የሰሜን ሰው ናቸው፤ የዘር ሐረጋቸው ከስሜንና ከየጁ ይመዘዛል። እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ዛሬ «የኢትዮጵያ የበዓል ምግብ» የምንለው በብዛት የሰሜን ደጋ ቤተ መንግሥት የባልትና ልጅ ከሆነ፣ የጎንደር ደጋ የአገር ምልክት ሲሆን የዚያው የጎንደር ቆላ ከገጹ ወጥቷል ማለት ነው። ገንዳ ውሃ ከዋናው ጽሑፍ የራቀችው ጎንደር ስላልሆነች አይደለም። ቆላ ስለሆነች ነው።

ይህ የኛ ብቻ በሽታ አይደለም። ሕንዳዊው አርጁን አፓዱራይ በ1988 እ.ኤ.አ. ስለ ሕንድ የምግብ መጻሕፍት አንድ የታወቀ ጥናት ጽፎ ነበር። የከተማ መካከለኛ መደብ ሴቶች በእንግሊዝኛ የጻፏቸው የባልትና መጻሕፍት «የሕንድ ምግብ» የሚባለውን ነገር እንዴት እንደገነቡት ያሳያል። ክልሎቹ መጽሐፉ ውስጥ ይገባሉ፤ ግን እያንዳንዱ ሁለትና ሦስት ምግብ ይዞ፣ ተላጭቶና ተስተካክሎ ነው የሚገባው። የኛም ዩቲዩብ ይህንኑ እየሠራ ነው። «የክልሎች ባህላዊ ምግብ» የሚል ፕሮግራም ይኖራል፤ ለእያንዳንዱ ብሔረሰብ አሥር ደቂቃ፣ አንድ ገንፎ፣ አንድ ጭፈራ። በምዕራብ ጎንደር ቆላ ከአማራው፣ ከቅማንቱና ከአገው ጋር የሚኖረው ጉሙዝ ካሜራ ከደረሰለት የሚደርሰው በዚህ አሥር ደቂቃ ነው። በዓል ሲመጣ ግን ሁሉም ወደ ዶሮ ወጥ ይመለሳል።

እስካሁን ያልኩት «ቆላውንም አስገቡ» ከሚል ልመና ብዙም አይዘልም። የሚከተለው ግን ለየት ይላል።

በአገራችን ማንም ልጅ ሳይማረው የሚያውቀው አንድ ሕግ አለ፦ ክርስቲያን ባርኮ ያረደውን ሙስሊም አይበላም፣ ሙስሊም ባርኮ ያረደውን ክርስቲያን አይበላም። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የበዓል ጽሑፋችን ውስጥ ግን ዝር አይልም። ለምን? ምክንያቱም ጽሑፉ «አንድ የሚያደርገን» እያለ የሚያወድሰው ዶሮ ወጥ፣ በዓሉ የማን እንደሆነ የሚለይ ምግብ ነው። አጥር አይሻገርም። ሙስሊምና ክርስቲያን ግድግዳ ተጋርተው በሚኖሩበት የገንዳ ውሃ ሰፈር የማዕዱ ንጉሥ እቤቱ ይቀራል፤ ወደ ጎረቤት የሚሄዱት ጽሑፉ እንደ አጃቢ የሚቆጥራቸው ናቸው። ድፎ ዳቦው፣ ቡናው፣ ፈንዲሻው፣ ፉሉ፣ ሥጋ ያልነካው ወጥ። የጎረቤት ልጅ በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ይዛ ደጅ ላይ ቆማ፣ «እንኳን አደረሳችሁ! እማዬ ናት የላከችኝ» የምትለው እነዚህን ይዛ ነው። ሳህኑም ባዶውን አይመለስም፤ ነውር ነው።

ከዚህ የሚከብድ ነገርም አለ። ሁለተኛው ድስት።

ሠርግ፣ ክርስትና ወይም ትልቅ በዓል ኖሮ ጎረቤት ሲጠራ፣ ሙስሊም ጎረቤት ያለው ክርስቲያን ቤት ሌላ ድስት ይጥዳል። በጉን ወይም ዶሮውን የሚያርደው ሙስሊሙ ጎረቤት ራሱ ነው። ቢላው ለብቻ፣ ድስቱ ለብቻ፣ ጭልፋው ለብቻ፣ ሳህኑ ለብቻ። ብዙ ጊዜ ወጡን የምትሠራውም ሙስሊሟ ጎረቤት ናት፤ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ በሌላ ጉልቻ ላይ። በሙስሊሙ ቤት ድግስ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ይህ የገንዳ ውሃ ብቻ ልማድ አይደለም፤ ወሎም ጎንደርም አዲስ አበባም አለ። ለድንበር ከተማ ግን ትርጉሙ ይበልጥ ይከብዳል።

አሁን ይህን ድስት እንደ ጽሑፍ አንብቡት። ምን ይላል? «ሁላችንም አንድ ነን» አይልም። «የምትበላውንና የማትበላውን አውቃለሁ» ይላል። ሁለት እሳት ነው፤ በዚያ ሙቀት ሁለት እሳት። ሁለት ሽንኩርት፣ ሁለት በርበሬ፣ ሁለት ወጪ። ፍቅርን በስሜት ሳይሆን በማገዶ ይለካል። በመንግሥት ማስታወቂያ ላይ የምናየው «መቻቻል» የሚባል ነገር ዋጋው አይነገርም፤ ሁለተኛው ድስት ግን ዋጋውን ይዞ ነው የሚመጣው። እኔ በበዓል ምግብ ጽሑፎቻችን ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታም ይኸው ነው። የዶሮውን 12 ብልት አንድ በአንድ ሲቆጥሩ፣ በዚያው ግቢ ከጎኑ የተጣደውን ድስት አያዩትም።

ድንበሩን ተሻግረን ስናይ ደግሞ ጉልቻዎቹ ጭራሽ ይቀራረባሉ። ሱዳናዊው ሳይንቲስት ሐሚድ ዲራር በ1993 እ.ኤ.አ. ስለ ሱዳን የተብላላ ምግብና መጠጥ አንድ ግዙፍ መጽሐፍ አሳትሟል። የሳይንስ መጽሐፍ ነው፤ ስለ እናቱ ናፍቆት አይደለም። ዕውቀቱን ግን የሰበሰበው ከገጠር አሮጊቶች ነው፤ እነሱንም እንደ ትዝታ ምንጭ ሳይሆን እንደ ባለሙያ ነው የጠየቃቸው። ኪስራን እንመልከት፦ የማሽላ ሊጥ ይብላላል፣ በጋለ ምጣድ ላይ ስስ ሆኖ ይዘረጋል። የኛ የማሽላ እንጀራ ዘመድ መሆኑን ለማየት ሳይንቲስት መሆን አያስፈልግም። አሲዳ የገንፎ ዘመድ ነው። በረመዳን የሚጠጣው ሑሉ ሙር ከማሽላ ብቅል ይሠራል፤ ብቅል ደግሞ ለኛ ጠላ ጠማቂ እናቶች እንግዳ አይደለም። ደርቆ የተፈጨ ባሚያ፣ ሱዳኖች ወይካ የሚሉት፣ ወጡን ያወፍራል። ቡናውም ጀበና ውስጥ ነው፤ እነሱ ብዙ ጊዜ ዝንጅብል ይጨምሩበታል። የቃላቱንና የእህሉን ዝምድና ያየ ሰው «ባህላዊ ምግባችን» ሲል የት ላይ እንደሚያቆም ግራ ይገባዋል። ቢገባው ጥሩ ነው።

ይህን ስል ድስት ጦርነት ያስቆማል ማለቴ አይደለም። መተማ ዮሐንስ ስሟን የያዘችው አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ በወደቁበት ውጊያ ነው። በኛም ዘመን የድንበር ፍጥጫ በተነሳ ቁጥር ያ ድልድይ ሲዘጋና ሲከፈት አይተናል። ኪስራና እንጀራ ዘመድ መሆናቸው አንድ ጥይት አላስቀረም። ጥያቄው ሌላ ነው፦ ነገሩ ሲከፋ፣ ሰው ደጅህ ላይ ሲቆም፣ ምን ማብላት እንዳለብህ ታውቃለህ ወይ?

ጥያቄው የምር የሆነበት ቀን አለ። ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.። በኛ አቆጣጠር ቀዳም ሥዑር ነበር፤ 55 ቀን የተጾመው ሁዳዴ ሊፈታ አንድ ሌሊት ቀርቶታል። በሙስሊሙ በኩል የረመዳን መጨረሻ ሳምንት እየገባ ነበር፤ ዒድ የዋለው በሚቀጥለው ዓርብ ነው። በዚያች ጠዋት ካርቱም ውስጥ ተኩስ ተከፈተ። የሱዳን ጦርና ፈጥኖ ደራሹ ኃይል እርስ በርስ መዋጋት ጀመሩ። ካርቱም ውስጥ ለፋሲካ ዶሮ የገዙ ብዙ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ለዒድ ካዕክ የሚባለውን ብስኩት ሊጋግሩ የተዘጋጁ ብዙ ሱዳናውያን ነበሩ። ከቀናት በኋላ ሁለቱም በአንድ መንገድ፣ በጋላባት በኩል፣ ወደ መተማ ይጎርፉ ጀመር። የአንዱ በዓል መንገድ ላይ አልፏል፣ የሌላው መንገድ ላይ ደርሷል። ከዚያ ኩመርና አውላላ የሚባሉ የስደተኛ ጣቢያዎች በዚያው ቆላ ተከፈቱ።

ብዙም ሳይቆይ በዚያው ዓመት ክረምት በአማራ ክልል ራሱ ጦርነት ገባ። «ለበዓል አገር ቤት መግባት» የሚለው ቀላል ሐረግ ለብዙ ሰው መንገድ አለ ወይ፣ ሰላም ነው ወይ የሚል ጥያቄ ሆነ። ስደተኛውንም አስተናጋጁንም አንድ ፍርሃት ያዛቸው።

ፎርሙን ለዚህ ሰው አንብቡለት እስኪ። «ቤት»፣ «እናት»፣ «ጓዳ»፣ «ከሌሊት ጀምሮ የሚቁላላ ሽንኩርት»። ኩመር ድንኳን ውስጥ ለነበረች የኦምዱርማን ሴት ምን ይላት ነበር? ልጇ እርሻ ወርዶ መንገድ ተዘግቶበት የቀረባት የገንዳ ውሃ እናትስ ምን ታድርገው? ጽሑፉ የሚሠራው ሁሉም ሰው እቤቱ ሲገባ ብቻ ነው። የሁለተኛው ድስት ዕውቀት ግን ለዚህ ቀን የተሠራ ይመስላል፦ እንግዳውን ምን እንደሚበላ ጠይቆ፣ አራጁን ከራሱ ወገን አምጥቶ፣ ዕቃውን ለይቶ፣ አብሮ መዋል። ይህን የሚያውቅ ሰፈር ለማያውቀው እንግዳ ከሚያውቀው ተነስቶ መጀመር ይችላል።

ታዲያ ምን እንጻፍ? «ዶሮ ወጥን ተዉት» የሚል ካለ እኔ ከሱ ወገን የለሁም። ዶሮ ወጥ ራሱ ገና በደንብ አልተጻፈም። ለምሳሌ 12 ብልት እንላለን፤ ማን ምን እንደሚደርሰው ግን ማን ጻፈ? ፈረሰኛው ለአባወራው እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ሌሊቱን ሙሉ እሳት ሥር ያደረችው እናት ግን ብዙ ቤት ውስጥ የሚደርሳት መጨረሻ ላይ የተረፈው ነው። ጽሑፉ «የእናቴ እጅ» ብሎ እጇን ያወድሳል፤ ሳህኗን አያይም። ድስቱ ሥር የቀረውን ወጥ በእንጀራ ጠራርጋ ቆማ የበላች እናት ያለችበት አንድ እውነተኛ አንቀጽ፣ ለኔ ከሃያ የቄጤማ አንቀጽ ይበልጥብኛል።

ሁለተኛ፣ እህሉ ይጻፍ። ጤፉ ወይ ማሽላው ከየት መጣ፣ በስንት ተገዛ፣ በምን ተጫነ? ዱቤም የበዓል ማጣፈጫ ነው፤ ገና ላይ የሚበላው ሙክት ታሪክ መስከረም ላይ ከተወሰደው ብድር ይጀምራል። ይህን የሚጽፍ ሰው ስለ ምግብም ስለ ኢኮኖሚም ጻፈ።

ሦስተኛ፣ ልኬቱ ይያዝ። አያቶቻችን «እፍኝ» እና «ቁንጥር» ብለው የያዙት ዕውቀት እነሱ ሲያልፉ አብሮ ያልፋል። ዲራር ለሱዳን ያደረገውን ለመተማ ቆላ የሚያደርግ ሰው ያስፈልጋል፤ ፕሮፌሰር መሆን ግን ግድ አይደለም። ስልክ ያለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ለዕረፍት ሲገባ ጓዳ ተቀምጦ «እማማ፣ ማሽላው ስንት ቀን ተቦካ? ለምን?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። «ለምን?» የምትለዋ ጥያቄ ናት ዋናዋ። ናፍቆት «ለምን» ብሎ አይጠይቅም፤ ለዚህ ነው ሁሉም የናፍቆት ጽሑፍ አንድ የሚሆነው።

የመጨረሻው ደግሞ ጎረቤት ነው። በሚቀጥለው ዋዜማ «የእናቴ ዶሮ ወጥ» ብላችሁ ልትጽፉ ስትቀመጡ እነዚህን ጥያቄዎች ለራሳችሁ አቅርቡ፦ ከግድግዳው ወዲያ ማን ይኖር ነበር? በበዓላችሁ ቀን ምን ላካችሁላቸው? በነሱ በዓልስ ምን ላኩላችሁ? ሁለተኛው ድስት ግቢው ውስጥ የት ነበር የተጣደው? ማን ነበረች የምታማስለው? አሁንስ የት ነች?

መልሱን ካወቃችሁ ጽሑፋችሁን ከዚያ ጀምሩት። ካላወቃችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። ዶሮው እንደሆነ ይጠብቃል፤ ሽንኩርቱ ገና አልበሰለም።